ስንመለስ እንቆማለን

ዓርብ ጠዋት ቨርና እንደ ልማዷ ጎሕ ሳይቀድ ተነሳች። መጥበሻ ጣደች፤ በበቆሎ ዱቄት የረጋውን የአሳማ ሥጋ በስሱ ቆራርጣ ዳር ዳሩ እስኪደርቅ ጠበሰችና ምድጃው አጠገብ ቆማ በላች። ባሏ ላማር ከሞተበት ከመጋቢት ወዲህ ጠረጴዛ ቀርባ ቁርስ በልታ አታውቅም። ቡናዋን በፔርሙዝ ቀዳች፤ ሁለት ሳንድዊች በወረቀት ጠቀለለች፤ ራዲዮኑ ስለ ሰሜኑ ብርድ የሚያወራውን እየሰማች የድመቷን ሳህን ሞላች። መንገዱ ረጅም ነው። ከፔንሲልቬንያ ተነስቶ፣ ኒው ጀርሲን አቋርጦ፣ ኒው ዮርክን ሽቅብ ወጥቶ ቬርሞንት ነው የሚደርሰው። እስከ ዛሬ የሄደችው ከላማር ጎን ተቀምጣ፣ ብርቱካን እየላጠች በማጉረስ ነበር። ዛሬ መሪውን የምትይዘው ራሷ ናት፤ ብርቱካንም አልያዘችም።

ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ምድር ቤቱ የላማር ነበር። ዕድሜውን በሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራ ውስጥ የጨረሰ ሰው ስለነበር እዚህ ቅንጣት አቧራ አይፈቅድም። በትንሿ መስኮት ሥር የሥራ ጠረጴዛው አለ፤ ጠረጴዛው ላይ በብሎን የታሰረው ባለ እጀታ የጥይት መሙያ መሣሪያ፣ የባሩድ ጣሳዎቹ፣ የወርቅ ቤት የሚመስለው ትንሽ ሚዛኑ። ላማር ጥይት በእጁ የሚሞላ ሰው ነበር። ሱቅ የገዛውን ጥይት ይዞ አደን የሚወጣን ሰው፣ ለልጁ ሠርግ ከሱፐርማርኬት ኬክ ገዝቶ እንደሚመጣ አባት ነበር የሚያየው። ታናሽ ወንድሙ ኤልዉድ ሚስቱን ተከትሎ ቬርሞንት ከገባ ጀምሮ፣ የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ቅዳሜ ጠዋት ኤልዉድ የሚተኩሰው የላማርን ጥይት ብቻ ነው። የተተኮሰበትን ቀለህ ያስቀምጥና በዓመቱ ለወንድሙ ይመልሳል። ላማር ይወለውለዋል፣ ባሩድ ይሞላበታል፣ አዲስ አረር ይሰካበታል፤ ቀለሁ እንደገና ይሄዳል። የናስ ቀለሆቹ ከዓመት ዓመት እነዚያው ናቸው። ወንድማማቾቹ ሲደዋወሉ ከዝናብና ከበረዶ ሌላ የሚያወሩት አልነበራቸውም። የሚነጋገሩት በቀለህ ነበር።

ላማር ባለፈው የበረዶ ወራት፣ ከመሞቱ በፊት የሞላው የመጨረሻው ፓኮ መደርደሪያው ላይ ነው። ላዩ ላይ በእጅ ጽሕፈቱ «ኤልዉድ» ይላል። ቨርና አነሳችው፤ በብረት ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ ጓጉንቸሩን ቆለፈች። ጥይቶቹ ጫፋቸው የጎደጎደ ነው፤ አጋዘኑን ብዙ ሳያሠቃዩ የሚጥሉ ዓይነት። በፔንሲልቬንያም በቬርሞንትም ማንም አይጠይቅባቸውም። መሃል ያለችው ኒው ጀርሲ ግን እንዲህ ያለ ጥይት በመኪናው ይዞ የሚዞርን ሰው ታስራለች። ላማር ሕጉን ራሱ አንብቧል፤ አልበቃ ብሎት ፖሊስ ጣቢያ ደውሎ ጠይቋል። የተቆለፈ ሣጥን፤ ከመቀመጫ እጅ የማይደርስበት የኋላ ኮፈን፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳያጥፉ ቀጥ ብሎ መንዳት። «የተነሳንበት ይፈቅዳል፣ የምንደርስበት ይፈቅዳል» ይል ነበር። «መሃሉን ዝም ብሎ ማለፍ ነው።» አንድ ልጃቸው ሮንዳ የምትኖረው ግን እዚያው መሃሉ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ሲሄዱ ቆመውላት አያውቁም። ላማር የመውጫዋን ምልክት ባየ ቁጥር መሪውን ጠበቅ ያደርግና «ስንመለስ እንቆማለን» ይላል። እውነትም እሑድ ሲመለሱ፣ ጥይቱ ኤልዉድ ዘንድ ቀርቶ ኮፈኑ ውስጥ ያለው የአጋዘን ሥጋ ብቻ ሲሆን፣ ይቆማሉ። ሮንዳም በሩ ላይ ሆና «ሕግ አክባሪዎቹ መጡ! እጅ ወደ ላይ!» እያለች ትቀበላቸው ነበር።

ሣጥኑን ታቅፋ ደረጃውን ስትወጣ ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ተነሳሽ?»

«መቼ ተኝቼ አውቃለሁ።»

«የዕቃው መኪና መጥቷል። ሰዎቹ ሶፋው በበር አይወጣም ብለው ዳሪል በሩን ሊያፈርስላቸው ነው። የእኔ ባል እንደምታውቂው ነው፣ መፍረስ ያለበት ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል።» ሮንዳ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በደጃችን እኮ ነው የምታልፊው። ግቢና አንድ ስኒ ቡና ጠጪ። ማፍያው ገና አልታሸገም። ጠረጴዛውንም እስከ መጨረሻው አታንሱ ብያቸዋለሁ።»

ማታ ጠቅልለው ወደ አገሩ ሌላ ጫፍ፣ ወደ ኦሪገን ይበራሉ። ዳሪል እዚያ ሥራ አግኝቷል። ሮንዳ ይህን የነገረቻት በጥቅምት፣ በስልክ ነው። ቨርናም «ጥሩ ነው፣ ዝናብ ይበዛል አሉ» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ እሑድ ነይ ስትባል የቤተ ክርስቲያን እራት አለብኝ፣ ልምጣ ስትባል ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው ብላለች። ቀለም የተቀባ ነገር የለም።

«ኮፈኑ ውስጥ የኤልዉድ ጥይት ይኖራል» አለች ቨርና፣ ሣጥኑን ወደ ደረቷ አስጠግታ። «ታውቂው የለ። ዛሬ አላድርም፤ ሰጥቼው መመለስ ነው። ስንመለስ እንቆማለን።»

ከዚያ በኩል ዕቃ ሲጎተት ተሰማ።

«እሺ እማ» አለች ሮንዳ። «ስትመለሺ።»

ወንዙን ከመሻገሯ በፊት ቤንዚን ሞላች። ወንዙ ማዶ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ዋጋው ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ላማር ለአንድ ሳንቲም ሦስት ሱቅ የሚዞር ሰው ሆኖ ሳለ በዚህ ጉዞ ላይ ግን ወዲህ ማዶ በውድ ይሞላ ነበር፤ መሃሉ ላይ ላለመቆም። እሷም እንደዚያው አደረገች። ድልድዩን አልፋ የኒው ጀርሲን ምልክት ስታይ ፍጥነቷን ከተፈቀደው ትንሽ ዝቅ አድርጋ በቀኝ መስመር ነዳች፤ ከኋላዋ ያሉት እየጮሁባት አለፉ። የሮንዳ መውጫ ከኮረብታው በኋላ ነው። መጀመሪያ የቤንዚን ማደያው ምልክት፣ ቀጥሎ የወፍጮው ሥዕል፣ ቀጥሎ ቀስቱ። ቀስቱ ሲደርስ መሪውን ጠበቅ አደረገችና አለፈች። የቡናው ስኒ አሁን በጠረጴዛው ላይ ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበች፤ ሮንዳ ወተት እንደምታበዛ አሰበች።

ላማር ከመሞቱ በፊት በነበረው ሐምሌ፣ በአንድ እሑድ፣ ሮንዳ ከምድር ቤቱ ወጥታ የቨርና የምሳ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ሥራዋ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ነው። ዶሮው ሳህን ለሳህን ሲዞር ጠበቀችና፣ አባቷ አንዱን ቀለህ ሁለት ጊዜ ባሩድ ሲሞላው እንዳየች ተናገረች። ሁለተኛውን ሲሞላ የመጀመሪያውን ረስቶታል አለች። ብቻውን ወደ ምድር ቤት አይውረድ፣ ሐኪም ይየው አለች። አልጮኸችም፤ በሥራ ቦታዋ ለቤተሰቦች የምትናገረው በዚያ ድምፅ ነበር የተናገረችው። ላማር ሹካውን አስቀመጠ። «ሽማግሌ ስታጥቢ እየዋልሽ ሰው ሁሉ ሽማግሌ መሰለሽ» አላት። ሮንዳም ወደ እናቷ ዞረች። ቨርና ያን ጊዜ የምታውቀውን ታውቅ ነበር። የመዝሙሩ ቁጥር ሲጠፋው ገጹን ገልጣ የምታቀብለው እሷ ናት፤ የጎረቤት ስም ሲጠፋው ቀድማ ጮክ ብላ የምትጠራለት እሷ ናት። «አባትሽን ይቅርታ ጠይቂው» አለቻት። ሮንዳ ዶሮዋን ሳትነካ ኮቷን አንስታ ወጣች። በተከታዩ ኅዳር ከቬርሞንት ሲመለሱ ላማር መውጫው ላይ አልዘገመም። ኮፈኑ ውስጥ ጥይት አልነበረም። ቨርናም ምንም ሳትል ብርቱካን ልጣ ሰጠችው። በመጋቢት በቀብሩ ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ስለ አበቦቹ አወሩ።

ኤልዉድ ደጅ ላይ ሆኖ ነበር የጠበቃት፤ ከሩቅ ሲያዩት ላማርን ይመስላል፣ ሲቀርቡት ግን አጠር ይላል። ውጭ በረዶ ያካፋ ነበር።

«እህ፣ ኒው ጀርሲዎች ሳያስሩሽ አለፍሽ?»

«አስረውኝ ነበር። ምግባቸው አይበላም፤ ጥዬ መጣሁ።»

«አሁንም ጓጉንቸር? የቤተ መንግሥት ወርቅ ነው እንዴ የያዝሽው አንቺ ሴትዮ?»

«ወንድምህን ጠይቀው» አለች፤ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

ወጥ ቤቱ የእንጨት ምድጃና የረጠበ ሱፍ ይሸታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ መጋረጃ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ በምስማሩ ላይ ለነገው አደን ብርቱካናማ ሰደርያው ተሰቅሏል፣ ቦት ጫማዎቹ በምድጃው ዙሪያ ተዘቅዝቀዋል። የባቄላ ሾርባ በትልቅ ሳህን ቀዳላት። ቨርና ቁልፉን ከኮቷ ኪስ አውጥታ ሰጠችው። እሱም ፓኮውን ከብረት ሣጥኑ አወጣና የወንድሙን ጽሕፈት በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገው። አንድ ጥይት መዘዘ፤ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው ጆሮው ሥር አድርጎ ወዝወዝ አደረገው። እጁ ቆመ። እንደገና ወዘወዘው። ሌላ መዘዘ። ከዚያም ከመሳቢያው ትንሽ ሚዛን አውጥቶ በሳህኖቹ መካከል አስቀመጠ፤ ጥይቶቹን አንድ በአንድ እየመዘነ በሦስት ቦታ ይከምራቸው ጀመር። የቨርና ሾርባ ቀዘቀዘ።

«ምንድን ነው ኤልዉድ?»

«ቆይ።» መዶሻ የሚመስለውን የፕላስቲክ ማላቀቂያ አመጣ፤ አንዱን ጥይት አስገብቶ እንጨቱ ላይ ሲመታው አረሩ ወለቀ። ቀለሁን ሳህኑ ላይ ደፋው። ምንም አልወጣም። ሌላ አስገብቶ መታ፤ ይሄኛው ደግሞ ባሩዱ እስከ አፉ ጢም ብሎ ነበር። «ያኛው ባዶ ነው» አለ። «ይሄን ብተኩሰው ኖሮ ጠመንጃው ፊቴ ላይ ነበር የሚፈነዳው።» ሦስተኛውን ክምር በጣቱ ወዲያ ገፋው። «ደህናም አሉ። ግን እዚህ መሃል ቁማር አልጫወትም።»

ቨርና ቀልድ እንዲመጣ ጠበቀች። አልመጣም።

«ዓምናም እንዲሁ ነበር» አለ ኤልዉድ ሚዛኑን እያየ። «ትዝ ይልሻል? እናንተ እዚህ ወጥ ቤት ሆናችሁ እኔ ብቻዬን ወጣሁ፤ ላማር ጉልበቴን ብሎ። ትልቅ ወንዴ መጣልኝ። ቃታውን ሳብኩ፣ ጠቅ አለ፣ በቃ። አጋዘኑ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በሠርግ ላይ እንዳለ ሰው ተጀንኖ ሄደ።»

«ሥጋ ይዘህ ገብተሃል እኮ።»

«የጎረቤቴ የሃርላን ሥጋ ነው። ግማሹን ለምኜ ጣልኩ ብዬ ገባሁ። ላማርን ‹እንደ ሁልጊዜው ነው ጥይትህ› አልኩት።» አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ለማን ልንገር? ለእሱ? ለአንቺ? አንቺ እንደ ዶሮ ክንፍሽን ዘርግተሽ ተቀምጠሽበት የለ?»

በምድጃው ውስጥ እንጨቱ ተንጣጣ። ቨርና ከሾርባው ሳህን አጠገብ ያለውን የባሩድ ክምር አየች፤ ጥቁርና ደቃቅ ነው፣ ነፋ ቢሉት ይበተናል።

«ሮንዳ ነግራን ነበር» አለች።

«ሮንዳ? እና ምን አላችኋት?»

«ይቅርታ ጠይቂ አልኳት።»

ኤልዉድ መዶሻውን አንስቶ የቀሩትን ማላቀቅ ቀጠለ፤ ደህናዎቹንም ጭምር። ቨርና በግድግዳው ስልክ ደወለች፤ በዚያ ሸለቆ ውስጥ የኪስ ስልክ አይሠራም።

«እማ? የት ነሽ? መኪናው ጭኖ ሄደ። ሶፋው ወጣ፣ በሩም ተርፏል።»

«አሁን ልነሳ ነው። ጠብቂኝ።»

«ቁልፉን ከመምሸቱ በፊት ማስረከብ አለብን። የምንችለውን ያህል እንቆያለን። ግን አታፍጥኚ፤ እዚያ በረዶ ነው አሉ።»

«የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ንገሪኛ።»

ከኋላዋ የመዶሻው ድምፅ አላቋረጠም። ጠረጴዛ ላይ የተባለ ነገር መልሱም ጠረጴዛ ላይ ነው መሰጠት ያለበት ብላ አሰበች። «ስደርስ» አለች።

ኤልዉድ እደሪ ብሎ ለመናት፤ በዚህ ሰማይ ቁራ እንኳ አይበርም አላት። ኮቷን ስትለብስ ባዶዎቹን ቀለሆች በፓኮው ደርድሮ ያዘላት። «ናስ ብቻ ነው፤ አሁን ማንም አያስርሽም። ውሰጂያቸው።»

«ማን ይሞላቸዋል?» አለችው። ፓኮው በእጁ እንዳለ ደጅ ድረስ ሸኛት።

በረዶው እስከ ኦልባኒ ከተማ ተከተላት፤ ከዚያ ዝናብ ሆነ። ሳንድዊቹን አልበላችም። በግራ መስመር ነዳች፤ በሕይወቷ በግራ መስመር ነድታ አታውቅም። ስትደርስ የምትለውን ቃል በልቧ ደጋገመችው። ልክ ነበርሽ። አውቄ ነበር። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የትኛው እንደሚቀድም አልወሰነችም። ኒው ጀርሲ ስትገባ የዓርብ ከሰዓት መኪና መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ የሆነ ቦታ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ፣ የሁሉም ሰው የኋላ መብራት እየቀላ በእግረኛ ፍጥነት ሄዱ። ከጎኗ ያለው ሰውዬ መሪው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ያነባል። ቨርና ሁለት ጊዜ ስልኩን አነሳች፤ መሪ ይዞ መደወል እንደማይፈቀድ አስታውሳ ሁለት ጊዜ መልሳ አስቀመጠችው። የወፍጮው ሥዕል ያለበት ምልክት ላይ ስትደርስ ቀኑ ሊጨልም ትንሽ ቀርቶት ነበር። ፍሬቻ አበራችና ወጣች።

ቤቱ መብራት አልነበረውም። ሣሩ ላይ የዕቃው መኪና ጎማ ያረሰው መስመር አለ፤ ተሽጧል የሚለው ሰሌዳ ዝናቡን ያንጠባጥባል። መጋረጃ በሌለው መስኮት ስታይ ወጥ ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ባዶ ነበር፤ ጠረጴዛው የነበረበት ቦታ ወለሉ ከሌላው ነጣ ብሎ አራት ማዕዘኑ ይታያል። በሩ ደረጃ ላይ፣ ዝናብ እንዳይነካው ወደ ጥግ ተገፍቶ፣ ላማር የአጋዘን ሥጋ ያመጣበት የነበረው ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ተቀምጧል። ካቻምና ኅዳር ለሮንዳ ከነሥጋው ትተውላት የሄዱት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመለስበት ምክንያት አልመጣም። ቨርና ክዳኑን ከፈተችው። ታጥቧል፤ የሎሚ ሳሙና ይሸታል።

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደወለች።

«እማ! ደረስሽ?» ከሮንዳ ኋላ ብዙ ሰውና የድምፅ ማጉያ ይሰማል። «ይቅርታ፣ ይቅርታ እማዬ፣ ገዢዎቹ መጡ፤ ቆየን ቆየን... አሁን አየር ማረፊያ፣ ፍተሻው ላይ ነን። ጫማ አውልቁ እያሉን ነው። ዳሪል ካልሲው ተቀዶ ሰው ሁሉ እያየው ነው።» ከዚያ፣ «ምን ነበር የምትነግሪኝ?»

ቨርና የሣጥኑን እጀታ ይዛ ነበር።

«አጥበሽዋል» አለች።

«ምኑን?»

«የሥጋውን ሣጥን።»

ድምፅ ማጉያው የአንድ ሰው ስም ጠራ።

«አዎ እማ» አለች። «ሽታው አልለቅ ብሎኝ ነበር። በተደጋጋሚ አጠብኩት።» ከዚያ አንድ ሰው ስልኩን ትሪው ውስጥ አስቀምጪ አላት፤ «እደውልልሻለሁ» ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ቨርና የበረዶ ሣጥኑን አንስታ የመኪናውን ኮፈን ከፈተች፤ ጠዋት የብረት ሣጥኑ በነበረበት ቦታ አስቀምጣ ዘጋችው። ቤንዚኗ እያለቀ ስለነበር እዚያው፣ በርካሹ፣ ሞላች። ከዚያ አውራ ጎዳናው ላይ ወጥታ ወደ ወንዙ ነዳች። ከእንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ፣ ሲሄዱም ሆነ ሲመለሱ፣ የሚቆሙበት ቤት የለም።